110 በ4፦ የክሪስቲያንስበርግ አቀበት ትረካ

እስቲ ጠጋ በሉ፣ ስለ አንዲት ቢጫ መብራት ላውጋችሁ።

ሰኔ ሊያልቅ ነው፤ በፈረንጁ ጁላይ ገብቷል። በሰሜን አሜሪካ ያለው ሐበሻ ለዓመታዊው የእግር ኳስ ውድድር ከየከተማው የሚነቃነቅበት ሰሞን ነው። በዚያ ዓመት ውድድሩ አትላንታ ላይ ነበር። ጋሼ ዕድሜያቸውን በዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «ሰውን ወደየቤቱ ሳደርስ ኖሬያለሁ፤ አሁን ቤቴን ይዤ ልዙር» ብለው አንድ ያገለገለ ሞተርሆም ገዝተዋል። ባለቤታቸው እትዬ ድፎ ዳቦውን ጋግረው፣ ቆሎውን ቋጥረው፣ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ገቡ። እኔ ከባድ መኪና ነጂ ነኝ። «አንተ መንገዱን ታውቀዋለህና አብረኸኝ ትሄዳለህ» አሉኝ፤ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ በጠዋት ተነሣን።

ሞተርሆም አይታችሁ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ቁመቱም ርዝመቱም አውቶቡስ ያክላል፤ ውስጡ መኝታ፣ ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ አለው። የጋሼው በናፍጣ የሚሠራ፣ ሞተሩ ከኋላ የሆነ ዓይነት ነው። ሞተሩ የተቀመጠው ከመኝታ ቤቱ አልጋ ሥር ነው። ሾፌሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ፣ በመካከላቸው ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ ሳሎንና ወጥ ቤት አለ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የታሪኬ ሁሉ መነሻ እሱ ነውና።

ጋሼ በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ ኤንትሬ በምትባለው የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበሩ። ኤንትሬን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለባትም። ሾፌሩ ሞተሩን በጆሮው ይሰማል፣ ዘይቱን በጣቱ መሐል አሽቶ ያያል፣ ከማርሚታው የሚወጣውን ጭስ ቀለም ይለያል። ጥቁር ከሆነ ናፍጣ በዝቷል፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው። ጋሼ ያንን ጆሮ ይዘው ነው አሜሪካ የገቡት። ሞተርሆሙ ላይ ግን ጆሮ አይደርስም፤ የኋላው ድምፅ ከፊት ሲደርስ ጉርምርምታ ብቻ ነው። ሞተሩ ለሾፌሩ የሚለው ነገር ሁሉ በሽቦ ተጉዞ፣ በመርፌና በመብራት ነው የሚመጣው። እንግዲህ ያ ሽቦ የሚያመጣውን ወሬ ማንበብ የማይችል ሰው ባለቤት ቢሆንም እንግዳ ነው።

ከ66 ቁጥር አውራ ጎዳና ወጥተን 81 ቁጥር ላይ ገባን፤ የሼናንዶዋን ሸለቆ ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን። መንገዱ ያምራል፤ በግራም በቀኝም ሰማያዊ ተራራ ነው። ሮአኖክን አልፈን፣ ከአይረንቶ ወደ ክሪስቲያንስበርግ የሚወጣውን አቀበት ስንጀምር ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች። ከባድ መኪኖቹ በቀኝ በኩል ያዘግማሉ። ማርሹ አንድ ወረደ፤ ደግሞ አንድ ወረደ። ያኔ ነው የሆነው።

«ልጄ፣ ይቺ ደግሞ ምንድናት?»

ዘወር ብዬ አየሁ። ቢጫዋ መብራት በርታለች። የሞተሩን ሙቀት የምታሳየው መርፌ፣ እስካሁን መሐል ላይ ቆማ የነበረችው፣ በአንድ ጊዜ ወርዳ ከዜሮው ላይ ተኝታለች። ወዲያው ከኋላ የራዲያተሩ ማራገቢያ በሙሉ ጉልበቱ መዞር ጀመረና ቤቱ በሙሉ በጩኸት ተሞላ።

«በስመ አብ ወወልድ!» አሉ እትዬ፤ የልጅ ልጃቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። «ሊፈነዳ ነው! አቁሙ እንጂ!»

ጋሼም ፊታቸው ተለወጠ። እኔ ግን ሦስት ነገሮችን አየሁ። ወዲያው አቁም የሚለው ቀዩ መብራት አልበራም። ሞተሩ ጉልበቱን አልቀነሰም። መርፌዋም የወደቀችው በአንድ ቅጽበት ነው፤ ያን ያህል ውሃ ደግሞ በአንድ ቅጽበት አይቀዘቅዝም። «ጋሼ፣ አይደንግጡ። ሰፊ ዳር ሲያገኙ ቀስ ብለው ያውጡት» አልኳቸው።

ወጣን። ባለ ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያዎቹን ከኋላችን በ3፣ በ30 እና በ60 ሜትር ገደማ አስቀመጥኩ። ይህ በአሜሪካ ሕግ አንድ አቅጣጫ ብቻ ባለው መንገድ ላይ ለሚቆም ከባድ መኪና የተደነገገው ርቀት ነው፤ ሞተርሆም የሚነዳ ሰውም ቢያደርገው ነፍሱን ያድናል። እትዬና ልጅቷ ከመንገዱ ርቀው ከሣሩ ላይ ተቀመጡ። ጋሼ ግን አልተቀመጡም።

«ይህ ነገር ተሠርቶልኛል ብዬ ነው የወጣሁት» አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጭት አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከመነሣታችን በፊት ይህችው መብራት ብልጭ ብላ ስለነበር አንድ ጋራዥ ወስደውት ነበር። መካኒኩ የኮድ ማንበቢያ ማሽኑን ሰካ፣ 110 የሚል ቁጥር አነበበ። 110 የሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ ሙቀት ነው። እንግዲያው የሙቀቱ ሴንሰር ነው ብሎ አዲስ ሴንሰር አስገባ፣ ኮዱን አጠፋ፣ ሒሳቡን ተቀበለ። የጻፈላቸው ወረቀት ላይ «ሴንሰር ተቀይሯል» ይላል። ሌላ ምንም የለበትም።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በናፍጣ ከባድ ሞተር ላይ ኮድ ማለት አንድ ቁጥር አይደለም። ሦስት ነው። የመጀመሪያው ኤስፒኤን የሚባለው ነው፤ የነገሩን ባለቤት ይጠራል። 100 ካለ የዘይት ግፊት ነው፣ 110 ካለ የውሃው ሙቀት፣ 111 ካለ የውሃው መጠን፣ 97 ካለ ናፍጣው ውስጥ የገባ ውሃ፣ 168 ካለ የባትሪው ቮልቴጅ። ሁለተኛው ኤፍኤምአይ ነው፤ ያ ነገር ምን እንደሆነ ይናገራል፣ ከ0 እስከ 31 ይቆጠራል። ሦስተኛው ስንት ጊዜ እንደሆነ የሚቆጥረው ነው። ዱሮ በአገራችን ችሎት «በላ ልበልሃ» ብሎ የሚሟገት ሰው ምስክሩን ማንን አየህ፣ ምን ሲያደርግ አየህ፣ ስንት ጊዜ አየህ ሳይል አይለቀውም ነበር። የጋሼ መካኒክ ማንን ብቻ ጠይቆ ፈረደ። ምን ሲያደርግ የሚለውን አልጠየቀም። ከዚያም ምስክሩን ራሱን ከመዝገብ አጠፋው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ሴንሰሩን መቀየሩ ሳይሆን ማስረጃውን ሳይጽፍ ማጥፋቱ።

ከቦርሳዬ የኮድ ማንበቢያ መሣሪያዬን አወጣሁ። ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ ናት፤ ከሞተሩ ያነበበችውን ወደ ስልክ ትልካለች። የሚሰካው ከመሪው በታች፣ ከግራ ጉልበት አጠገብ ካለው ክብ መሰኪያ ላይ ነው። የቤት አውቶሞቢል ያላችሁ ሰዎች ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ ግዴታ የሆነውን ባለ 16 እግር ጠፍጣፋ መሰኪያ ታውቁታላችሁ። የከባድ መኪናውና የትልልቁ ሞተርሆም መሰኪያ ግን ሌላ ነው። በ1980ዎቹ በወጣው ቋንቋ የሚነጋገሩት አሮጌዎቹ ባለ 6 እግር ክብ አላቸው፤ ጄ1939 የሚባለውን የሚናገሩት ባለ 9 እግር ክብ አላቸው። ባለ 9 እግሩ ደግሞ ሁለት ቀለም አለው። ጥቁሩ የቀድሞው ነው፣ አረንጓዴው ፍጥነቱ እጥፍ የሆነው አዲሱ። የአረንጓዴው ገመድ ጥቁሩም ላይ ይገባል፤ የጥቁሩ ገመድ ግን አረንጓዴው ላይ አይገባም። ገመድ ስትገዙ ይህን ሳታዩ አትክፈሉ።

ሞተሩን አጥፍተን ቁልፉን ብቻ ከፈትን። ስልኩን ልጅቷ ያዘችው፤ ከአያቷ ጎን ተቀምጣ እንድታነብልኝ ጠርተናት ነበር። አሜሪካ ተወልዳ አማርኛዋ ጥርት ያለ ልጅ ናት።

«አንድ መቶ ዐሥር» አለች። «ከዚያ አራት። ከዚያ ስድስት።»

ጋሼ ወደ እኔ ተመለከቱ።

«ስድስቱ ምን ማለት ነው?»

«ከጋራዡ ከወጣ ወዲህ ስድስት ጊዜ ተመላልሳለች ማለት ነው፣ ጋሼ።»

ትንሽ አሰቡ። «እውነት ነው። ፍሮንት ሮያል ዳገቶች ላይ ብልጭ ብላ ስትጠፋ አይቻታለሁ። ፀሐይ መስታወቱን የመታችው መስሎኝ ነው።»

አራቱን ላስረዳችሁ። ከኤፍኤምአይ ቁጥሮች 0፣ 1 እና ከ15 እስከ 18 ያሉት ነገሩ ራሱ ታሟል የሚሉ ናቸው። 110 በ0 ቢሆን ኖሮ ውሃው በእርግጥ ፈልቷል፤ ሞተሩን ባለንበት አጥፍተን ክዳኑን ሳንነካ መጠበቅ ነበረብን። ከ3 እስከ 6 ያሉት ግን ስለ ውሃው አያወሩም፤ የሚያወሩት ስለ ኤሌክትሪኩ ነው። 3 ቮልቴጁ ከልክ በላይ ከፍ አለ፣ 4 ከልክ በታች ወረደ፣ 5 ገመዱ ተቋርጧል፣ 6 ከሚገባው በላይ ኤሌክትሪክ እየሄደ ነው ይላሉ። ስለዚህ 110 በ4 ማለት «ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ አላውቅም፤ የሚነግረኝ ሽቦ ላይ ቮልቴጅ ጠፍቷል» ማለት ነው። ሞተሩ ሙቀቱን ሳያውቅ ሲቀር ደግሞ ለጥንቃቄ ማራገቢያውን በሙሉ ኃይሉ ይለቀዋል። እትዬን ያስደነገጣቸው ጩኸት የጥበቃ ጩኸት ነበር።

እንግዲህ ምስክሩን መልሰን እንጠይቀው። አዲስ ሴንሰር አለ፣ ቮልቴጁ ጠፍቷል። ጥፋቱ ከሴንሰሩ ነው ወይስ ከሽቦው? ይህን ለማወቅ ምንም መግዛት አያስፈልግም። መሰኪያውን ከሴንሰሩ ላይ መንቀል ነው። ሽቦው ጤነኛ ከሆነ፣ መሰኪያው ሲነቀል ቮልቴጁ ወደ ላይ ይወጣና 4 የነበረው ወደ 3 ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ጥፋተኛው ሴንሰሩ ነው። ሴንሰሩ ተነቅሎም 4 ካልተለወጠ ግን ሽቦው የሆነ ቦታ ብረት እየነካ ነው፤ ሴንሰር ብትቀይሩ ብትቀይሩ መብራቱ አይጠፋም።

እትዬ መጡ። አልጋው ላይ ለአትላንታ ዘመዶች የያዙት ሻንጣ ተቆልሎ ነበር፤ አንድ በአንድ አወረድን፣ ፍራሹን አቆምን፣ ክዳኑን ከፈትን። የሞተሩ ሙቀት ፊቴን መታኝ። ቢሆንም እንፋሎት የለም፣ የውሃ ሽታ የለም፣ የማጠራቀሚያው ውሃ ከሁለቱ መስመሮች መሐል ነው። ሴንሰሩ አዲስ ስለሆነ ያብረቀርቃል። ትኩሱን ብረት እንዳልነካ እየተጠነቀቅሁ መሰኪያውን ነቀልኩት። ጋሼ ቁልፉን ዘግተው መልሰው ከፈቱ።

«ስንት ይላል?» ብዬ ጮህኩ።

«አራት!» አለች ከፊት። «አሁንም አራት ነው!»

ይኸው ነው። ሴንሰሩ ንጹሕ ነበር፤ አሮጌውም ሴንሰር ንጹሕ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው። የሽቦውን ጥቅል ከሴንሰሩ ጀምሬ በጣቴ እየዳበስኩ ተከተልኩት። ከሻንሲው ጋር የተያያዘ አንድ የቧንቧ ማሰሪያ ብረት አጠገብ ሲደርስ ጣቴ ሻካራ ነገር አገኘ። ሽፋኑ ተፈቅፍቆ አልቋል፤ አንዲት ቀጭን መዳብ ወጥታ ብረቱ ላይ ተለጥፋለች። መብራቷ ዳገት ላይ ብቻ የምትመጣበት ምክንያትም እዚያው ነበር። እንዲህ ያለ ሞተር በዳገት ሲያምጥ ከተቀመጠበት የጎማ መደገፊያ ላይ ወደ ጎን ጋደል ይላል፤ ሲጋደል ጥቅሉን ብረቱ ላይ ያስጠጋዋል። ሜዳ ላይ ይለቀዋል። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ሲታይማ ምንም የለበትም። የዚያን ቀን መዳቡ ተጣብቆ ቀረና አጋለጠው።

ሽቦውን አላቀቅኩ፣ በጥቁር ናስትሮ ደራርቤ ጠቀለልኩት፣ ብረቱን እንዳይነካ አርቄ አሰርኩት፣ ሴንሰሩን መልሼ ሰካሁ። ልጅቷ ከፊት «የለም! ጠፋ!» ብላ ጮኸች። አላጠፋነውም፤ ራሱ ነው ወደ ቀድሞ ኮዶች መዝገብ የሄደው። ሞተሩ ሲነሣ መርፌዋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። በማግስቱ አንድ ሰሜን ካሮላይና ያለ ኤሌክትሪሺያን ያችን ቦታ በሚገባ በይዶ፣ መከላከያ ቱቦ አልብሶ ጨረሰው። አትላንታ በሰዓታችን ገባን።

ማታ ካረፍንበት ካምፕ ቡናው ሲፈላ ጋሼ ዝም ብለው ቆይተው ጠየቁኝ። «ያቺን መሣሪያ ባትይዝስ ኖሮ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። የኤሌክትሮኒክ ናፍጣ ሞተሮች የቀድሞ ትውልድ ላይ መብራቶቹ ራሳቸው ኮዱን ይናገራሉ። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን የከሚንስ ሞተሮች ላይ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ተከፍቶ የምርመራው ማብሪያ ሲበራ፣ ቢጫው አንድ ጊዜ ብልጭ ይላል፤ ከዚያ ቀዩ ቁጥሩን እየቆጠረ ይናገራል። ሁለት ጊዜ ብልጭ፣ ፋታ፣ ሦስት ጊዜ፣ ፋታ፣ አምስት ጊዜ ካለ 235 ነው፤ የማቀዝቀዣው ውሃ ጎድሏል። ከዚያ ቢጫው እንደገና ይበራና ያንኑ ይደግማል። ወደሚቀጥለው ኮድ የሚያሻግረው የክሩዝ ማስተካከያው ቁልፍ ነው። ሁለቱም መብራቶች በርተው ሳይንቀጠቀጡ ከቆሙ፣ በዚያ ሰዓት ያለ ጥፋት የለም። የአሊሰን ካንቢዮ ያለው ሞተርሆም ደግሞ የራሱ ሰሌዳ አለው። ማርሽ የሚመረጥበት ላይ የላይና የታች ቀስቶቹን አንድ ላይ ስትጫኑ መጀመሪያ የዘይቱን መጠን ያሳያል፣ ደጋግማችሁ ስትጫኑ ኮዶቹን ሁለት ሁለት ፊደል እያደረገ ያወጣል። ወረቀትና እርሳስ ላለው ሰው ይህ በነጻ የተሰጠ ነው።

እትዬ ይህን ሲሰሙ የእቁብ ደብተራቸውን አመጡ። እትዬ እቁብ ሰብሳቢ ናቸው፤ ቁጥር ይወዳሉ፣ ቁጥር አይጠፋባቸውም። ከኋላው ገጽ ጀምረው ቀኑን፣ ማይሉን፣ ሦስቱን ቁጥሮች፣ ዳገት ወይም ሜዳ መሆኑን፣ ዝናብ ወይም ፀሐይ መሆኑን ጻፉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያ ሞተርሆም የተናገረው ሁሉ እዚያ ደብተር ላይ አለ። ብዙ ጋራዥ አውቃለሁ፤ የእትዬን ያህል የተሟላ መዝገብ ያለው ጥቂቱ ነው።

ከደብተሩ አንድ ገጽ ላይ አሥር ያህል ኮድ በአንድ ቀን ተጽፏል። ክረምቱን ሙሉ ቆሞ፣ በጸደይ ሊያስነሡት ሲሉ የወጣ ነው። ካንቢዮው ሞተሩን፣ ፍሬኑ ካንቢዮውን «አላናገረኝም» እያለ ይከሳል። ጋሼ ስልክ ደወሉልኝ። «168 አለበት?» አልኳቸው። አለበት። ሌላውን ሁሉ ተዉትና ባትሪውን ይዩ አልኳቸው። ሞተርሆም ሁለት ዓይነት ባትሪ አለው፤ አንዱ ለቤቱ መብራትና ማቀዝቀዣ፣ አንዱ ሞተሩን ለማስነሣት። ጋሼ ክረምቱን ሙሉ የቤቱን ሲሞሉ የሞተሩ ተረስቶ ነበር። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ገደማ ያሳያል፤ የደከመ ከሆነ ቁልፍ ሲዞር ቮልቴጁ ይወድቅና ኮምፒውተሮቹ ሁሉ እርስ በርስ መካሰስ ይጀምራሉ። ኔጋቲቩ ገመድ ከሻንሲው የሚታሰርበት ቦታ ሲዝግም እንዲሁ ነው። ለወራት የሚቆም መኪና ሽቦ ደግሞ አይጥ ይበላዋል። ብዙ ኮድ በአንድ ጊዜ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ከባትሪው ጀምሩ።

በቢጫውና በቀዩ ግን አልደራደርም። ቢጫ ስትበራ ጊዜ አላችሁ፤ ሰፊ ቦታ ፈልጉ፣ አንብቡ። ቀይ ሲበራ ጊዜ የላችሁም። 100 በ1 የዘይት ግፊት እጅግ ወርዷል ማለት ነው፤ ሞተሩ አጠገባችሁ ስላልሆነ ሲፋጭ አይሰማችሁም። እስከሚቀጥለው መውጫ ልድረስ ያለ ሰው ሞተር ይከፍላል።

ጋሼ አንድ ጊዜ ይህን ሞተርሆም ሸጠው አዲስ ሊገዙ ፈልገው ነበር። ያኔ የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገር፤ የእኛ ልጆች በከባድ መኪና ሥራ ላይ ብዙ ስለሆኑ ይመለከታቸዋል። ከ2007 በኋላ ናፍጣ ሞተሮች የጥላሸት ማጣሪያ ያዙ፤ ከ2010 በኋላ ደግሞ ዴፍ የሚባለውን ፈሳሽ መርጨት ጀመሩ፤ 32.5 ከመቶው ዩሪያ ነው፣ ቀሪው የተጣራ ውሃ። ፈሳሹ ካለቀ ወይም ከተበላሸ ሞተሩ ደረጃ በደረጃ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ በመጨረሻ በሰዓት ከ5 ማይል በላይ አይሄድም። ሐሳቡ አየሩን ለመጠበቅ ነው፣ መልካም ነው። በ2021 ግን የቺፕ እጥረት ዓለምን ሲመታ፣ የዴፍ ታንክ ውስጥ ያለው ሴንሰር ተበላሽቶ ምትክ ጠፋ። ታንኩ ሙሉ፣ ፈሳሹ ጥሩ፣ ሞተሩ ጤነኛ፤ ኮዱ ግን የለም እያለ ይመሰክራል። ብዙ ሞተርሆሞች ለወራት ቆሙ፤ ቤታቸው እሱ የሆነ ጡረተኞች ነበሩባቸው። በመጨረሻ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሴንሰሩ በጠፋበት ጊዜ ሞተሩ እንዳይታነቅ የሚያደርግ የሶፍትዌር ማስተካከያ እንዲገባ ፈቀደ። በኦገስት 2025 ኤጀንሲው ነባሮቹ መኪኖች በዴፍ ችግር በድንገት ጉልበት እንዳያጡ አምራቾች ሶፍትዌራቸውን እንዲያሻሽሉ ጠየቀ፤ ከ2027 ሞዴል ጀምሮም አዲስ ናፍጣ መኪና እንዲህ ያለ ድንገተኛ ከባድ መዳከም እንዳይኖርበት ሆኖ እንዲሠራ አለ። ጋሼ ይህን ሰምተው አሮጌውን ይዘው ቀሩ። እኔም በቦታቸው ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። ሞተርሆምም ይሁን ጭነት መኪና፣ ጋራዥ ስታስገቡ «ኮዱን ከማጥፋትህ በፊት ሦስቱን ቁጥር ጻፍልኝ» በሉት፤ ሥራው ሲያልቅም እንደገና አንብቦ እንዲጽፍ አድርጉ። ያገለገለ ስትገዙ ያሉትን ብቻ ሳይሆን የቀድሞዎቹንም ኮዶች አስነብቡ። መዝገቡ ባዶ ከሆነ ሻጩን ማን አጠፋው፣ መቼ፣ ምን ይል ነበር ብላችሁ ጠይቁት። በቂ መልስ ከሌለው ዳገት ላይ አውጥታችሁ ንዱት፤ ከዚያ ተመልሳችሁ አንብቡት፤ ገንዘቡን ከዚያ በኋላ ክፈሉ።